ጠበቃውን የሚከስ ደንበኛና የይርጋ መቃወሚያ፦ 2 ዓመት ወይስ 10?

ይግባኝ እንዲያቀርብለት ጠበቃ የቀጠረ ሰው አለ እንበል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የፈቀደው 60 ቀን አለፈ፤ ጠበቃው ግን ለጠየቀው ሁሉ «መዝገቡ በመታየት ላይ ነው» ይላል። ደንበኛው እውነቱን የደረሰበት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ለማስፈቀድ ቢሞክር፣ የዚያው ሕግ ቁጥር 326 የጠበቃን ጥፋት እንደ በቂ ምክንያት አይቀበልም። ስለዚህ የቀረው መንገድ ጠበቃውን ካሳ መጠየቅ ብቻ ነው። ይርጋ እዚህ ላይ ሲነሳ የመጨረሻውን በር ይዘጋል፤ ጉዳዩ የሚያሳስበኝም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው። ቁጥር 2143 ይህን ጊዜ የሚቆጥረው ጉዳቱ ከደረሰበት እንጂ ከታወቀበት ቀን አይደለም። ውልን ባለመፈጸም ለሚነሳ ክስ ግን ቁጥር 1845 10 ዓመት ይፈቅዳል። ስለ ሙያ ጥፋት የሚናገረው ቁጥር 2031 ከውል ውጭ ኃላፊነት ክፍል ውስጥ መገኘቱ ለተከሳሹ ጠበቃ የሁለት ዓመቱን ክርክር ያመቻችለታል። ክርክሩ ግን ከቁጥር 2037 ጋር ይጋጫል፤ የውል ግዴታን አለመፈጸም የሚዳኘው በውል ሕግ ነውና። ደንበኛው ጠበቃውን ያገኘው በውል ነው፤ ጊዜውም 10 ዓመት ነው። ውል የሌለው ሦስተኛ ወገን፣ ለምሳሌ በጠበቃ ስህተት ኑዛዜው የፈረሰበት ተጠቃሚ፣ ከሁለት ዓመቱ አያመልጥም።

አስቸጋሪው የመነሻው ቀን ነው። በቁጥር 1846 ጊዜው የሚጀምረው ግዴታው ሊፈጸም ከሚገባበት ወይም መብቱን መጠቀም ከሚቻልበት ቀን ነው፤ ስለ ዕውቀት የሚለው የለም። እንግሊዝ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሻሻለችው ሕግ በቸልተኝነት ለሚቀርብ ክስ ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ 3 ዓመት ትሰጣለች፤ ጣሪያው ግን 15 ዓመት ነው። የእኛው ቁጥር 1853 ዳኛው መቃወሚያውን ውድቅ እንዲያደርግ የሚፈቅደው በዝምድና ወይም በበታችነት ለዘገየ ባለመብት ነው፤ ጠበቃውን አምኖ የተቀመጠ ደንበኛ በግልጽ አልተጠቀሰም።

ስለዚህ ከሳሹ ክሱን በይግባኙ መቅረት ላይ ብቻ ማቆም የለበትም። ጠበቃ ተወካይ ነው፤ በቁጥር 2208 ፍጹም ቅን ልቦና፣ በቁጥር 2213 ደግሞ የሥራውን ሁኔታ የማስረዳት ግዴታ አለበት። በእኔ እምነት እያንዳንዱ የሐሰት መልስ ራሱን የቻለ የውል ጥሰት ነው፤ የራሱ ይርጋም ከተሰጠበት ቀን ይጀምራል።