መንግሥታት ስለ ምን በማኅበር ይተባበራሉ? ከኢትዮጵያ የጄኔቫ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የመንግሥታት ማኅበር ስም በተነሣ ቁጥር እኛ ኢትዮጵያውያን በቅድሚያ የምናስታውሰው ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫው ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ያሰሙትን አቤቱታ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚህ መራራ ትዝታ በመነሣትም ብዙዎቻችን ዓለም አቀፍ ድርጅት የኃያላን መጫወቻ ነው ብለን ለመደምደም እንቸኩላለን። ይህ ፍርድ ሐሰት ነው አንልም፤ ጎዶሎ ግን ነው። ድርጅቶች ፈጽሞ ከንቱ ከሆኑ፣ ያው የተከዳው መንግሥት ስለ ምን በ1945 በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ከፈረሙት አንዱ ሆነ? በዚህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ እንሞክራለን።

ኢትዮጵያ የማኅበሩን አባልነት የጠየቀችው በ1923 ነበር። በዙሪያዋ ያሉት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ግዛቶች ነበሩ፤ ሦስቱ መንግሥታትም በ1906 ያለ እርሷ ፈቃድ የጥቅም ክልላቸውን በውል ለይተው ነበር። እንግሊዝ የባሪያ ንግድንና የጦር መሣሪያ ዝውውርን ምክንያት አድርጋ ጥያቄውን ስትቃወም ፈረንሳይ ደገፈች። በመጨረሻ የኢትዮጵያ መንግሥት በሁለቱም ጉዳዮች ግዴታ ገብቶ፣ አገሪቱ ሴፕቴምበር 28 ቀን አባል ሆነች። እንግዲህ የገባችው ያለ ዋጋ አልነበረም፤ የውስጥ አስተዳደሯ በሌሎች ዓይን እንዲመረመር ፈቅዳለች። በምትኩ ያገኘችው በሕግ ፊት ከኃያላኑ ጋር እኩል የሚያቆማት ስምና አቤት የሚባልበት ቋሚ ደጅ ነበር።

የዚህ ደጅ ጥቅም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በዲሴምበር 1925 እንግሊዝና ኢጣሊያ በደብዳቤ ተለዋውጠው ተስማሙ፤ እንግሊዝ በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ ለመሥራት፣ ኢጣሊያም ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያቀርቡትን ጥያቄ እርስ በርስ ለመደገፍ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1926 ነገሩን ለማኅበሩ አመለከቱ። ጉዳዩ አደባባይ በወጣ ጊዜ ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንደሌላቸው በጽሑፍ ለማረጋገጥ ተገደዱ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። በሁለት መልእክተኞች መካከል በዝምታ ሊታለፍ የሚችለው ነገር በብዙ መንግሥታት ፊት ሲቀርብ አሳፋሪ ሆነ።

ታዲያ ይኸው ማኅበር በ1935 ስለ ምን ወደቀ? የኢጣሊያ ጦር ኦክቶበር 3 ቀን መረብን ከተሻገረ በኋላ፣ የማኅበሩ ምክር ቤት በጥቂት ቀናት ውስጥ ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት መክፈቷን አረጋገጠ፤ ከኖቬምበር 18 ጀምሮም ማዕቀብ ተጣለ። ማኅበሩ እውነቱን አልካደም፤ ፍርዱን የሚያስፈጽም ግን ታጣ። በ1926 ከኃያላኑ የተፈለገው ከእፍረት መሸሽ ብቻ ነበር፤ በ1935 ግን ከጥቅማቸው እንዲከፍሉ ተጠየቁ። ነዳጅ ዘይት ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ወደ ሂትለር እንዳይገፉት በመስጋት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቻቸው ሆርና ላቫል በዲሴምበር ከኢትዮጵያ መሬት ቆርሶ ለኢጣሊያ የሚሰጥ ዕቅድ አወጡ። ማዕቀቡም በጁላይ 1936 ተነሣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ ግን ድሩን የያዙት እጆች ራሳቸው ለቀቁት።

የተከዳው መንግሥት ከዚህ የተማረው ድርጅትን መናቅ ሳይሆን ከድርጅት ምን እንደሚጠበቅ ለይቶ ማወቅን ነው። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ የቀድሞው ማኅበር አባላት በመሆናቸው፣ ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ አስተዳደሯ ምክንያት በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ ተረቱ። ሽንፈቱ ግን መዝገቡን አልዘጋውም። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን የሞግዚትነት ሥልጣን ሻረ፤ በ1971 ያው ፍርድ ቤት በዚያች አገር መቆየቷ ሕገ ወጥ መሆኑን በምክር አስተያየቱ ገለጸ። ናሚቢያ በ1990 ነፃ ስትወጣ ነፃነቱን ያመጣው በቅድሚያ የሕዝቧ ትግል ነው፤ የገዥዋን ይዞታ ሕጋዊ ሽፋን ያሳጣው ግን ይህ መዝገብ ነበር።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት መንግሥታትን በማኅበር የሚያሰባስባቸው መፋቀር አይደለም። ታላቁ መንግሥት ከእያንዳንዱ ጋር ለየብቻ ከመዋዋል አንድ ቋሚ ጉባኤ ይቀለዋል፤ ፈቃዱንም የሁሉ ፈቃድ አስመስሎ ለማቅረብ ይረዳዋል። ታናሹም በዚያው ጉባኤ ታላቁን በገዛ ቃሉ ይሟገተዋል። ድርጅት የራሱ ጦር የለውም፤ ያለው ምስክርና መዝገብ ነው። ይህም አንዳንድ ጊዜ ይበቃል፤ አንዳንድ ጊዜም አይበቃም። እኛም በስደት ሆነን ለእነዚህ ደጆች አቤቱታ ስንጽፍ ይህን ብንለይ መልካም ነው፤ አዳኝ ፈልገን ከሄድን እንደ 1936ቱ ልባችን ተሰብሮ እንመለሳለን፤ እውነቱን በመዝገብ ለማኖር ከሄድን ግን ደጁን የምናንኳኳው በከንቱ አይሆንም።