ስለ እጅ ሥራ ንድፍ ባለቤትነት፤ በጅቡቲ ከተማ

በጅቡቲ ከተማ መካከል፣ ሌ ኬስ በሚባለው ገበያ፣ ከዱም ዘንባባ ቅጠል የተጎነጎነ ምንጣፍና ከኢትዮጵያ የወረደ ባለጥበብ ነጠላ ጎን ለጎን ተዘርግተው ይሸጣሉ። ንግዱ አዲስ አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደዚሁ ነው) በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ደጋውና ቆላው በዚያች ከተማ ዕቃ ሲለዋወጡ ኖረዋል። ከዕቃው ጋራም ንድፉ ይጓዛል፤ ንድፍ ግን ቀረጥ የማይከፈልበት፣ ዐይን ብቻ ተሸክሞት የሚሄድ ሸቀጥ ነው።

ምንጣፉን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። አፋሩ ዳቦይታ፣ ሶማሌው አቃል የሚለውን ተነቃይ ቤት የሚያለብሰውም የእነርሱ እጅ ነው። ቅጠሉ ይሰነጠቃል፣ ይነከራል፣ ገሚሱም ቀለም ይገባል፤ ልጅቱ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ጉንጉኑን በጣቷ እየቈጠረች ትማራለች። ንድፉ በወረቀት አይሰፍርም፤ የሠሪዋም ስም በምንጣፉ ላይ አይጻፍም።

ሕጉ ግን የተወለደው በሌላ አገር፣ ለሌላም ዐይነት ሠራተኛ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1787 የታተመ ጨርቅ ንድፍ ለሁለት ወር ብቻ እንዳይቀዳ ተከለከለ። በፈረንሳይም በ1806 በወጣው ሕግ የሊዮን ሐር ፋብሪከኞች የንድፋቸውን ናሙና በፖስታ አሽገው፣ ማኅተማቸውንና ፊርማቸውን አኑረው፣ በሠራተኞችና በአሠሪዎች የዳኝነት ጉባኤ ዘንድ እንዲያስቀምጡ ተደነገገ። እንዲህ ባለው ሥርዐት የንድፉ ባለቤት ይታወቃል፤ ቀኑም ይታወቃል።

ጅቡቲ በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላ በ1996 የቅጂ መብት ሕግ አወጣች፤ በ2002 የበርን ስምምነት አባል ሆነች፤ በ2006 ደግሞ አዲስ ሕግ ደነገገች። በ1886 የተጀመረው የበርን ስምምነት ለአገልግሎት የሚውል ጌጠኛ ሥራ እንደ ኪነ ጥበብ በሚጠበቅበት አገር ሁሉ፣ ጥበቃው ሥራው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ከ25 ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ለዘንባባው ምንጣፍ 25ቱ ዓመት ከየትኛዋ ቅድመ አያት ይቈጠር?

ችግሩ ሳይታወቅ የቀረ አይደለም። በ1967 በስቶክሆልም ስምምነቱ ሲሻሻል፣ ደራሲው ላልታወቀ፣ ላልታተመም ሥራ መንግሥት ጠበቃ የሚሆን ባለሥልጣን እንዲሰይም ተፈቀደ። በ1976 በቱኒስ የተዘጋጀው የሕግ ናሙናም ለሕዝብ ባህላዊ ሥራ የዘመን ገደብ የሌለው ጥበቃ አሰበ። የዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት ኮሚቴ ከ2001 ጀምሮ ሲመክርበት ቈይቶ በ2024 አንድ ውል ተፈረመ፤ ውሉ ግን ስለ ዘረ መልና ከእርሱ ጋራ ስላለው ዕውቀት ነው። ጥለትና ጉንጉን ከደጅ ቀሩ።

ለመምህራን በይበልጥ የሚያስፈልገው ስለ መጠቀም ፈቃድ የተባለው ነው። የበርን ስምምነት የሰውን ሥራ ለማስተማሪያ፣ በሚገባ መጠንና ምንጩን ጠቅሶ መጠቀምን አይከለክልም። ይህም በሕጉ ቋንቋ ከደንቡ ውጭ የተደረገ ቸርነት ነው። በምንጣፍ ሠሪዎቹ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማካፈል ደንብ ነው፣ ልዩ የሚሆነው መከልከሉ ነው። ያለማካፈል ንድፉ ከአንዲት ሴት ዕድሜ ባላለፈ ነበር።

እንግዲህ ልጅቱ ከእናቷ ብትቀዳና የሩቅ አገር ፋብሪካ በስልክ ከተነሣና በኢንተርኔት ከተሰራጨ ሥዕል ቢቀዳ፣ ሁለቱ እንደ ምን አንድ ይሆናሉ? በማተሚያ መኪና የጥበብ አምሳል የታተመበት ጨርቅ ሸማኔው ቀናት ከሚፈጅበት ሥራ እጅግ ረክሶ ይሸጣል። ሠሪውን በስም የሚፈልግ ሕግ ለአሮጌው ንድፍ ባለቤት ስለማያገኝ፣ ለልጅቱና ለፋብሪካው እኩል በሩን ይከፍታል። ለጋስነት ቢመስልም የሚጠቅመው ባለመኪናውን ነው።

በዛሬው ሕግ የቀረው መንገድ ጠባብ ነው። አንዲት ሠሪ ከአሮጌው ላይ ተነሥታ የራሷን አዲስ አሰላለፍ ብታወጣ፣ ስሟንና የሠራችበትን ቀን ጽፋ ምስሉን ብታኖር፣ ዳኛ ፊት የምታቀርበው ነገር ይኖራታል። ያም ለጨመረችው ብቻ ነው፤ የጉንጉኑን ስልትና ከአያቷ የወረሰችውን ንድፍ የብቻዋ አያደርግላትም።