መሪነት በተመሪው ዓይን፦ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ አንጻር

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋና መሥሪያ ቤት ለአመራር ተመራማሪ ጥሩ መስክ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም የሚመሩት የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የተሾሙት በ1971 ነው። በቅርብ ዘመን ወንበሩን የያዙት ተወልደ ገብረማርያምና መስፍን ጣሰው ደግሞ ሥራቸውን እዚያው በ1980ዎቹ የጀመሩ ናቸው። ከእነርሱ በፊት የመሩት ግርማ ዋቄም በሌሎች ኩባንያዎች ሠርተው ቢመለሱም፣ የቤቱ ልጅ ነበሩ።

ከውስጥ መሾም የሚወደሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሚያስገኝ ነው። እኔ ግን የሚበልጠው ጥቅም ሌላ ይመስለኛል፦ ሠራተኛው መሪውን ገና መሪ ሳይሆን አይቶታል። ተመራማሪው ኤድዊን ሆላንደር እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳስረዳው፣ ብቃቱንና ታማኝነቱን ያስመሰከረ የቡድን አባል የአመኔታ ቁጠባ ያጠራቅማል፤ ከተለመደው መንገድ ሲወጣ ከዚያ ይመነዝራል። ሮበርት ሎርድና ባልደረቦቹም በ1984 እንዳሳዩት፣ ተመሪው አለቃውን የሚመዝነው በአእምሮው ከያዘው የመሪ ምስል ጋር እያስተያየ ነው።

ይህ ሚዛን በመከራ ቀን ይታያል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አየር መንገዱ በዚያው ዕለት ያወጣው ፎቶግራፍ ተወልደን ከፍርስራሹ መካከል ቆመው ያሳያል። የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ለቅሶ መድረስ ከወግ በላይ በሆነበት አገር፣ ራሱ ከቦታው ያልተገኘ አለቃ ኋላ በደብዳቤ ቢያጽናና ማን ይሰማዋል? በኮቪድ ጊዜ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር ተነቅሎ ጭነት እንዲጫን ሲወሰን በእንዲህ ያለ ቀን የተጠራቀመው የሆላንደር ቁጠባ የተመነዘረ ይመስለኛል።

የአመራር ተመራማሪው ጄምስ ማይንድል ግን እ.ኤ.አ. በ1985 አስጠንቅቋል፦ ሰዎች ለድርጅት ስኬትም ውድቀትም መሪውን ከልክ በላይ ተጠያቂ ያደርጋሉ። አየር መንገዱን የረዱት የቦሌ አቀማመጥ፣ የራሱ የአቪዬሽን ማሠልጠኛና የጥገና ማዕከል፣ የንግድ ውሳኔውን በራሱ የመወሰን ነጻነቱ ከእነዚህ ሥራ አስፈጻሚዎች የቀደሙ ናቸው። የመተዋወቅ ዕዳም አለ፤ የትናንት ባልደረባ ዛሬ «ለእኔማ እንዴት?» ይላል። መስፍን እ.ኤ.አ. በ2022 ከሎሜው አስካይ አየር መንገድ ተመልሰው ሲሾሙ፣ በሀንጋሩ ያሉ አንጋፋ ቴክኒሻኖች የሚመዝኑት አዲስ ሹመኛን ሳይሆን የሚያውቁትን መሐንዲስ ነበር።