አነስተኛ ሥራ ተቋራጭ

አነስተኛ ሥራ ተቋራጭ በውል በተወሰነ ዋጋና ጊዜ ሕንፃ፣ መንገድ ወይም ሌላ ግንባታ ሠርቶ የሚያስረክብ፣ ካፒታሉና መሣሪያው ውስን የሆነ ድርጅት ነው። በኢትዮጵያ ተቋራጮች በጠቅላላ፣ በሕንፃና በመንገድ ዘርፍ ከደረጃ 1 እስከ 10 ሲመደቡ ቆይተዋል፤ ከፍተኛው ደረጃ 1 ነው።

ዋጋ አወጣጥ፦ የእያንዳንዱ ሥራ ነጠላ ዋጋ ቀጥተኛ ወጪን (ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ የግንበኛና የአናጺ ክፍያ፣ የማሽን ኪራይ)፣ የአስተዳደር ወጪንና ትርፍን ያካትታል። ጠቅላላ ወጪው 100,000 ብር በሆነ ሥራ ላይ 20 በመቶ ቢጨመር ዋጋው 120,000 ብር ይሆናል፤ ትርፉ ግን ከገቢው 16.7 በመቶ ያህል ነው። ከገቢው 20 በመቶ ለማትረፍ 125,000 ብር መጠየቅ ያስፈልጋል።

የገንዘብ ፍሰት፦ በሒሳብ አትራፊ የሆነ ሥራም ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር ይቆማል። በተለመደው አሠራር ክፍያ የሚፈጸመው የተሠራው ተለክቶ አማካሪ መሐንዲሱ የክፍያ ሰርተፊኬቱን ካጸደቀ በኋላ ነው። ቅድመ ክፍያ ተወስዶ ከሆነ ከየሰርተፊኬቱ እየተቀነሰ ይመለሳል፤ እስከ ርክክብ የሚቆይ የመያዣ ገንዘብም ይቀነሳል። በዚህ መሐል ደመወዝና የዕቃ ግዢ አይቋረጡም። በቃል ብቻ የታዘዘ ተጨማሪ ሥራ ደግሞ ክፍያው አከራካሪ ስለሚሆን አስቀድሞ የጽሑፍ ትእዛዝ መቀበል ይገባል።

ኃላፊነት፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 3039፣ ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል።