ቡና የማይፈላበት ቡና ቤት

ወደ ጨነቅ የሚወጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ደባርቅ ያድራል። እኔም አድሬያለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ከሰሜን ተራሮች ወርዶ አጥንት ድረስ ይገባል፤ መናኸሪያው ጭር ይላል፤ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ግን ቀያይ አምፖሎች አንድ በአንድ ይበራሉ። በሩ ላይ «ቡና ቤት» ይላል። ገብታችሁ ቡና ብትጠይቁ አስተናጋጇ በግርምት ታያችኋለች። ያለው ቢራ ነው። ቢራውን የምትከፍተው ልጅ ደግሞ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰች ትመስላለች።

ይህንን ጽሑፍ ያስጀመረኝ አንድ አዲስ አበቤ ጓደኛዬ ነው። «ፈረንጆች የራቁት ዳንስ ቤቶቻቸውን በክልልና በሕዝብ ብዛት እያካፈሉ ይቆጥራሉ አሉ። እስቲ አንቺ ደግሞ የእኛን ጻፊልን» አለኝ። ሳቅሁ። በደባርቅ ብርድ ማን ልብሱን ያወልቃል? ውዬ አድሬ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ ብቻ አልሆነልኝም። የምሽት ቤት ለምን እዚህ በዝቶ እዚያ ያንሳል?

ከፈረንጆቹ እንጀምር። ብዙ ሰው ባለበት ብዙ ቤት ይኖራል ብለን እንገምታለን፤ እነሱ ዘንድ ግን ከሕዝቡ ይልቅ የሚወስነው ሕጉ ነው። በአሜሪካ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር የራቁት ዳንስ ቤት በዝቶባታል እየተባለች ስሟ የሚነሣው ኒውዮርክ ሳትሆን በኦሪገን ያለችው ፖርትላንድ ናት። ምክንያቱም የኦሪገን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ለሐሳብ መግለጽ የሰጠው ጥበቃ «ጸያፍ» የሚባለውንም ያቅፋል ብሎ ስለወሰነ ነው። አይስላንድ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ሠራተኛ በራቁት ገላ ገንዘብ እንዳይገኝ በሕግ ከለከለች። ከሁሉም የሚገርመው ለንደን ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ትርኢቱን በጀመረው ዊንድሚል ቲያትር ሴቶቹ ራቁታቸውን መድረክ ላይ መቆም ይችሉ ነበር፤ መንቀሳቀስ ግን አይፈቀድላቸውም። እንደ ሐውልት ከቆሙ ጥበብ፣ እጃቸውን ካነሡ ብልግና!

እኛ ዘንድ ታሪኩ ሌላ ነው። ጎንደሬ ለሚጨፍር ሰው ልብስ ማውለቅ አላስፈለገውም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ይገባል፣ ሴቷ በእስክስታ ትከሻዋን ትሰብቃለች፣ የተነካው ሰው ብሩን ግንባሯ ላይ ይለጥፋል። ዛሬም በአዲስ አበባ፣ በተለይ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቦሌ አካባቢ ስላሉ የራቁት ዳንስ ቤቶች ጋዜጦች ጽፈዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአደባባይ የሚፈጸም ነውረኛ ድርጊትን ይቀጣል። ስለዚህ እነዚህ ቤቶች በራሳቸው ስም ታፔላ አይሰቅሉም፤ በመጠጥ ቤትና በጭፈራ ቤት ስም ይኖራሉ። የእኛ ቆጠራ እንግዲህ ከራቁቱ ሳይሆን ከቡና ቤቱ ነው የሚጀምረው።

ቡና ቤቱስ ማንን ተከትሎ መጣ? ድሮ የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበር። ጦሩ ሲንቀሳቀስ ጠጅ ጣዩም፣ አረቄ ሻጯም፣ ባል አልባዋም ሴት አብረው ይንቀሳቀሱ ነበር። ወታደር ባለበት ገበያ አለ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ድንኳኑ ድንጋይ ሆነ፤ ጠጅ ቤቱም ቋሚ ሆነ።

ወደ ደባርቅ ግን ነገሩን ያመጣው መንገድ ነው። ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘት በሊማሊሞ ገደል ላይ እንደ እባብ የሚጠማዘዘውን መንገድ አስጠረበ። ከደባርቅ አፍንጫ ሥር ያለውን የወልቅፊት በርም በምሽግ ዘጋው። ያ ጦር እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከገቡ ከወራት በኋላ መሆኑ ነው። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ዜጎቹ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በሕግ ከለከለ፤ ለወታደሩ ግን የሴተኛ አዳሪ ቤቶችን ራሱ ያደራጅ ነበር። ትዳሩ ወንጀል፣ ግዢው ፈቃድ ያለው ሆነ ማለት ነው።

ጣሊያን ሄደ፤ መንገዱ ቀረ። ጭነት የያዘ ሹፌር ሊማሊሞን በሌሊት አይደፍርም፤ ደባርቅ ያድራል። በ1962 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋምና በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቱሪስቱም በደባርቅ በኩል ሆነ። የ1999ኙ ቆጠራ እንዲህ ይላል፦ የደባርቅ ወረዳ ሕዝብ 159,193፣ ከዚህ ውስጥ ከተሜው 20,839። ከመቶው 87ቱ ገጠር ነው፤ ባለ ቀይ አምፖሉ ቤት ግን አስፋልቱ ዳር ተደርድሯል። በሕዝብ ብዛት ብታካፍሉት ሒሳቡ አይወጣም። በሚያድር መኪና ብታካፍሉት ይወጣል።

አዲስ አበባም ብትሆን ከዚህ ሕግ አታመልጥም። ውቤ በረሃ በንጉሡ ዘመን የደመቀው ፒያሳ አጠገብ ስለነበረ ነው፤ ደርግ የሰዓት እላፊ ሲያውጅ ሌሊቱ ራሱ ተዘጋ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤት፣ ቺቺኒያ በቡና ቤት ተጥለቀለቁ። ሕዝቡ በአንድ ሌሊት አልበዛም፤ የተቀየረው ሌሊቱን የሚገዛው ሕግና ኪስ ነው።

ለዚህ ሁሉ እጅግ መራራው ማስረጃ የተገኘው በ1980 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያኔ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ባሉ ከተሞች በተደረጉ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራዎች ከሴተኛ አዳሪዎች 17 በመቶ ያህሉ፣ ከረጅም ርቀት ሹፌሮች ደግሞ 13 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ቫይረሱ ከሌላ ማንም በፊት የኢትዮጵያን የቡና ቤት ካርታ ሣለልን። ካርታው ደግሞ የመንገድ ካርታ ነበር።

አሁን ወደዚያች ቢራ ከፋች ልጅ ልመልሳችሁ። ጎንደርና አካባቢው ያለዕድሜ ጋብቻ ከበዛባቸው የሀገራችን ክፍሎች አንዱ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻ ዕድሜን 18 ቢያደርግም በልጅነት ተድረው፣ ባል ጠልተው ወይም ተፈትተው የሚሸሹ ልጆች አሁንም አሉ። ወደ አባት ቤት መመለስ ውርደት ነው፤ መሬት የለም፤ ትምህርቱ ተቋርጧል። ቀረብ ያለው ከተማ ደግሞ መንገዱ ዳር ያለው ነው። ሹፌሩ ከላይ፣ ልጅቷ ከገደሉ ሥር ይመጡና ደባርቅና ዳባት ላይ ይገናኛሉ።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲደርስ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቱሪስቱ ሳሳ፤ ወታደሩ በዛ። ከአልቤርጎው በረንዳ ፈረንጁ ሲነሣ የታጠቀው ተቀመጠ። የቤቱን ስም ብትቀይሩትም ደንበኛውና ልጅቷ የሚመጡበት ምክንያት ያው ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬ መልሴ ይኸው። በየጊዜው ቤቶቹን የማሸግ ዘመቻ ሲታወጅ እሰማለሁ። ይታሸጉ ይሆናል። አንድ በር ሲታሸግ ግን ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ቀጣዩ መናኸሪያ ላይ ትወርዳለች። መቁጠር ካማረህ ቀይ አምፖሉን ተወው። በዚህ ዓመት ከደባርቅ ገጠር ስንት ልጅ በአሥራ አራት ዓመቷ እንደተዳረች ቁጠርልኝ፤ የቡና ቤቱን ቁጥር እኔ እነግርሃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጨነቅ ስንወጣ መኪናችን ልብሷን በላስቲክ ከረጢት የያዘች አንዲት ልጅ አለፈች። ወደ ከተማው ነበር የምትወርደው።