መቶ በረራና አንድ በሽተኛ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንድ መኮንን ነገር ላውጋችሁ። ሊዮናርድ ቼሻየር ይባላል፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰው። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

በ1917 ተወለደ፤ አባቱ ስመ ጥር የሕግ ምሁር ነበሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ልጁ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ወጣ። ብዙ ጓደኞቹ በወጡበት ሲቀሩ እሱ 100 ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ገና በ25 ዓመቱ ግሩፕ ካፒቴን አደረጉት። ከአውሮፕላን አውርደው አዛዥ ሲያደርጉት ግን አልሆነለትም፤ ማዕረጉን አንድ ደረጃ አስቀንሶ ወደ በረራው ተመለሰ። ማዕረግ ቀንሱልኝ ብሎ የሚለምን መኮንን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በ1944 የአገሩን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን አጠለቀ።

በኦገስት 1945 የናጋሳኪን ቦምብ እንዲታዘብ ተላከ፤ ጭሱን ከሩቅ አየ። ሰዎች ታሪኩን ሲያወሩ እዚህ ላይ ቆም ይሉና «ልቡ የተሰበረው በዚያን ዕለት ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቦምቡ ጦርነቱን አሳጥሯል ብሎ እስከ እርጅናው ይከራከር የነበረ ሰው ነው።

የለወጠው ሌላ ነው። ሠራዊቱን ከተሰናበተ በኋላ የቀድሞ ወታደሮችን ሰብስቦ በጋራ የሚኖሩበት ሰፈር ሊያቋቁም ሞከረ። ነገሩ ፈረሰ፤ ዕዳውና ሃምፕሻየር ውስጥ ያለው ሌ ኮርት የተባለ ሰፊ ቤት እጁ ላይ ቀሩ። በ1948 እዚያው ሰፈር ይኖር የነበረ አርተር ዳይክስ የሚባል ሰው በካንሰር ተይዞ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግለት የለም አሉ። የሚወስደው ዘመድ አልነበረም፤ ቼሻየር ቤቱ ወሰደው።

እንግዲህ መቶ ጊዜ ሞትን ያመለጠው መኮንን ገላ ማጠብ፣ በማንኪያ ማጉረስ፣ በሽተኛው ሳይነሳ አንሶላ መቀየር ተማረ። እንደማይድን ለዳይክስ የነገረውም እሱ ራሱ ነው። ዳይክስ በወራት ውስጥ ሞተ። ከዚያ አንዲት አሮጊት መጡ፤ ሌላም ተከተለ። ወሬው ተዛመተ። ሠራተኛ መቅጠሪያ ስላልነበረው ከጎረቤት የመጣው ሁሉ በፈቃዱ አጠበ፣ ጠረገ፣ አበሰለ።

ቀጥሎ ቼሻየር ራሱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሁለት ዓመት ያህል ተኛ። ሌ ኮርትን የመሰሉ የበሽተኞች ቤቶች ግን እሱ ተኝቶም መብዛታቸውን አላቆሙም፤ እኔን ከሜዳሊያው ይልቅ የሚደንቀኝ ይኼ ነው። ከ40 በላይ አገሮች ደረሱ። የእኛም አገር አንዷ ናት፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ መናገሻ፣ እንዲህ ያለ ቤት በ1962 ተከፈተ። ፖሊዮ እግራቸውን የያዘባቸው ልጆች እየገቡ ክራንች ይዘው፣ ብረት ታስሮላቸው፣ ቆመው ወጡ።

ቼሻየር በ1992 ሞተ። መጨረሻ ላይ ጡንቻን በሚያዝል የነርቭ በሽታ ተይዞ ነበርና በሰው እጅ ታጥቦ፣ በሰው እጅ ጎርሶ ነው የሄደው።

በሰፈራችሁ በጉልበቱ የሚድህ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቅ ልጅ ካለ ለወላጆቹ የመናገሻን መንገድ ንገሯቸው።