በምርመራ ውጤትና በሕመምተኛው መካከል ያለው ጊዜ

አንድ የሕክምና ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ከወጣበት ደቂቃ አንሥቶ ሕመምተኛው እስኪያውቀው ድረስ የሚያልፈው ጊዜ፣ በውኃ ቧንቧ ላይ እንደሚገጠም መዝጊያ ሁሉ፣ የሚከፍተውና የሚዘጋው እጅ አለው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ያህል ይህ መዝጊያ ከሐኪሙ እጅ ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ከኮምፒዩተሩም ወደ ሕግ አውጪው ተዛውሯል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ዝውውሩ በተለይ በአሜሪካ እንዴት እንደ ተፈጸመ ለማውሳት እሞክራለሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢው ልብ ይሏል።

ጥንት ነገሩ አከራካሪ አልነበረም። በሂፖክራጥስ ስም ከሚጠሩት ጽሑፎች አንዱ፣ ሐኪሙ አብዛኛውን ነገር ከሕመምተኛው እንዲሰውር ይመክራል። ይህ ምክር ምን ያህል ዕድሜ እንዳገኘ የሚያሳየው፣ ዶናልድ ኦክን የተባሉ ሐኪም በ1961 ያወጡት ጥናት ነው። በቺካጎ ማይክል ሪስ ሆስፒታል ከጠየቋቸው 219 ሐኪሞች መካከል 90 ከመቶ የሚሆኑት፣ ነቀርሳ የያዘውን ሰው ሕመሙን አለመንገርን እንደሚመርጡ ገለጡ። እነዚህን ሐኪሞች ጨካኞች ናቸው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቸኩልም። በአገራችንም መርዶ የሚነገረው ዘመድ አዝማድ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜም ማለዳ ነው። ይሁን እንጂ መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ የቺካጎዎቹ ሐኪሞች የመረጡት ግን ጨርሶ መቅረቱን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ፈጣን ሆነ። በ1973 ሼንኪንና ዋርነር የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች፣ ለሕመምተኛው የመዝገቡ ሙሉ ግልባጭ በሕግ ይሰጠው የሚል ሐሳብ በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አቀረቡ። በ1979 በወጣ ጥናት ደግሞ የኦክን መጠይቅ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንደገና ቀርቦ፣ 97 ከመቶ የሚሆኑት ሐኪሞች መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ አንድ ሙያ አቋሙን እንዲህ የገለበጠበት ሌላ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ሆኖም መቼና በማን አንደበት ይነገር የሚለው ገና የሐኪሙ ድርሻ ነበር።

ይህንን ድርሻ የቀነሰው ኮምፒዩተር ነው። ከ2000 ወዲህ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው መዝገቡን በኢንተርኔት የሚያይበትን በር መክፈት ሲጀምሩ (ዛሬ እጅግ የተስፋፋው ማይ ቻርት የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው) ማንም ያላሰበው ጥያቄ በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ፤ ውጤቱ ስንት ቀን ይቈይ? ተራው የደም ምርመራ ቶሎ፣ የነቀርሳና የዘር ምርመራ ግን ከቀናት በኋላ እንዲለቀቅ ብዙ ሆስፒታሎች ደንብ አወጡ። የቀኑ ቍጥር ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። ቍጥሩን ወደ ማሽኑ ያስገባው ሰው ሕመምተኛውን አይቶት አያውቅም።

በ2016 መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ፣ በእርሱም መሠረት ከኤፕሪል 5 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ይህን የቀን ቈጠራ በአብዛኛው አፈረሰ። መረጃን ማዘግየት የሚፈቀደው በተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ሆነ፤ ሕመምተኛው ይደነግጣል ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ለሕይወት ወይም ለአካል የሚያሰጋ ጉዳት መታየት አለበት። ስለዚህ ሐኪሙ ያላነበበው ውጤት ዓርብ ማታ በሕመምተኛው ስልክ ላይ ሊገኝ ቻለ።

በ2022 አንድ ዓርብ ማታ፣ በቨርጂኒያ የሚኖሩ አጎቴ በስልካቸው የደረሳቸውን ጽሑፍ ላኩልኝና «ልጄ፣ ይህ ምን ይላል?» አሉኝ። ከእንግሊዝኛው መካከል «ካርሲኖማ» የሚለውን ቃል ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በስብሰባ ላይ መረጃ የባለቤቱ ነው እያልኩ የምከራከር ሰው፣ «ለእኔም ግልጽ አይደለም፤ ሰኞ ሐኪምዎ ያስረዱዎታል» አልኳቸው። ሕጉ ለእርሳቸው የሰጠውን መዝጊያ ቋንቋው መልሶ በእጄ አኖረው፤ እኔም እንደ ቺካጎዎቹ ሐኪሞች ዘጋሁት። እርሳቸው ግን ከመልሴ በፊት የነበረውን ዝምታ ሰምተው ኖሮ፣ እስከ ሰኞ እንቅልፍ እንዳልዞረባቸው በኋላ ነገሩኝ።

በ2023 በወጣ ጥናት፣ በአራት የአሜሪካ የማስተማሪያ ሕክምና ማዕከሎች 8,139 ሕመምተኞች ተጠይቀው፣ 96 ከመቶ የሚሆኑት ሐኪም ባያየውም እንኳ ውጤቱን ወዲያው ማግኘትን መርጠዋል። ነገር ግን ከሐኪሙ በፊት በማንበባቸው ጭንቀት የጨመረባቸው፣ ውጤታቸው ደኅና ከነበረው መካከል 5 ከመቶ ሲሆኑ፣ ደኅና ካልነበረው መካከል 16.5 ከመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የቴክሳስ ግዛት የነቀርሳ ናሙናና የዘር ምርመራ ውጤቶች ለሦስት ቀን እንዲቈዩ ደነገገ። ይህ፣ በእኔ አስተያየት፣ የቀድሞውን የሆስፒታል ሠንጠረዥ በሕግ ስም መመለስ ነው።

የስዊድኗ ኡፕሳላ በ2012፣ ሐኪሞች እየተቃወሙ መዝገቡን ስትከፍት የተሻለ ዘዴ አግኝታ ነበር፤ ወዲያው ላንብብ ወይስ 14 ቀን ይቈይልኝ የሚለውን ምርጫ ለሕመምተኛው ተወችለት። የአሜሪካውም ደንብ ቢሆን ሕመምተኛው ራሱ ይዘግይልኝ ካለ አይከለክልም። የጐደለው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰው ነው።

አጎቴ ከሕክምናው በኋላ የስልካቸውን ማሳሰቢያ አዘግተውኛል። ውጤት ሲኖር የሚከፍቱት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት፣ ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ስትቀመጥ።